የጣሪያ ቃላት፦ ክዳን ለመቀየር ላሰቡ የቤት ባለቤቶች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የተከበራችሁ የቤት ባለቤቶች፤

ከመጪው ክረምት በፊት የቤታችሁን ክዳን ለመቀየር ያሰባችሁ ብዙ መሆናችሁን ሰምቼ ነበርና፣ የማኅበራችሁ አስተባባሪዎች «መጥተው አንድ ነገር ይንገሩን» ሲሉኝ በደስታ ተቀበልኩ። ከመጀመሪያው ግን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ስለ ቆርቆሮ ዋጋ የምነግራችሁ የለኝም፤ ዛሬ የነገርኳችሁ ዋጋ በሳምንቱ ተለውጦ ይጠብቃችኋልና። የመጣሁት ስለ ቃላት ለመናገር ነው።

በህንፃ ሥራ ተቆጣጣሪነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ደጋግሜ የታዘብኩት ነገር አለ። የቤት ባለቤት ከጣሪያ ሥራ ጥርት አድርጎ የሚያውቀው ቃል አንድ ነው፤ እርሱም ቆርቆሮ ነው። ስለዚህ ከነጋዴው ጋር በቆርቆሮ ይከራከራል፣ ከአናጢው ጋር በቆርቆሮ ይዋዋላል፣ ቤቱ ሲያፈስም ቆርቆሮውን ይረግማል። አዲስ ቆርቆሮ ግን መሐል ለመሐል አያፈስም። ውሃ የሚገባው ሁለት ነገሮች በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ ከሚስማር፣ ቆርቆሮ ከግድግዳ፣ ተዳፋት ከተዳፋት በሚገጥሙበት። የእነዚህን መገናኛዎች ስም ደግሞ አብዛኞቻችን አናውቅም። ስሙን የማናውቀውን ነገር በውል ውስጥ ልናስገባው፣ ዋጋ ልንጠይቅበት፣ ሲቀርም «የታለ?» ልንል አንችልም።

የመጀመሪያው አሳሳች ቃል «ጣሪያ» ራሱ ነው። አልጋ ላይ ተኝቶ ወደ ላይ የሚያፈጥ ሰው «ጣሪያ ጣሪያውን ያያል» እንላለን፤ የሚያየው ግን ኮርኒሱን ነው። ነፋስ ቆርቆሮውን ገንጥሎ ሲወስደውም «ጣሪያው ተነሣ» እንላለን። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጣሪያ ሥራ የተጣሉ ሁለት ሰዎችን እንዳስታርቅ ተጠርቼ ነበር። ውላቸው አንድ ገጽ ሲሆን ስለ ሥራው የሚናገረው ዓረፍተ ነገር «ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ይቀየራል» የሚል ብቻ ነበር። አናጢው አሮጌውን ቆርቆሮ በሙሉ አንሥቶ አዲሱን በበሰበሰው እንጨት ላይ መታበትና ሥራዬን ጨረስኩ አለ፤ ባለቤቷ ደግሞ እንጨቱም ኮርኒሱም ይቀየርልኛል ብለው ነበር የከፈሉት። ሁለቱም አልዋሹም፤ ያጣላቸው ቃሉ ነበር።

ስለዚህ ጣሪያን በአእምሯችሁ ከሦስት ክፈሉት። ከላይ ዝናብ የሚመታው ክዳን ነው፤ ቆርቆሮም ሆነ ሸክላ። ከሥሩ ክዳኑን የሚሸከመው የእንጨት ወይም የብረት አጥንት አለ። ከዚያ በታች፣ ከክፍሉ ውስጥ የሚታየው ኮርኒስ ነው፤ ችፑድም ሆነ አቡጀዲ ለውጥ የለውም። በውላችሁ ላይ ከሦስቱ የትኛው እንደሚቀየር፣ የትኛው እንደሚጠገን፣ የትኛው እንደማይነካ ለየብቻ ይጻፍ።

ከአጥንቱ እንጀምር። ባለሙያዎች «ትራስ» የሚሉት፣ ለእኛ ግን መጀመሪያ የመኝታውን ትራስ የሚያስታውሰን ቃል፣ ከግድግዳ ግድግዳ የሚዘረጋው ሦስት ማዕዘን ተሸካሚ ነው። ከላይ ተጋድመው ወደ ታች የሚወርዱት ሁለቱ እንጨቶች ወራጆች ይባላሉ፤ ከታች አግዳሚው አለ፤ በመካከላቸው ቋሚዎችና ሰያፎች ይገባሉ። በከተማችን በብዛት የሚሠራው ከባሕር ዛፍ ሲሆን፣ የተለመደው ውፍረት ለላይኛውና ለታችኛው እንጨት 12 ሴንቲ ሜትር፣ ለውስጦቹ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ኮርኒስ ለመስቀል ይመቸኛል ወይም ለዕቃ ማስቀመጫ ቦታ ይሰፋልኛል ብሎ ከሰያፎቹ አንዱን የሚቆርጥ ሰው ቤቱን እያጎበጠው እንደሆነ ይወቅ፤ እነዚያ አጫጭር እንጨቶች ለጌጥ የገቡ አይደሉም።

ከወራጆቹ ላይ በአግድም የሚደረደሩት ሞራሌዎች ናቸው፤ በመሐንዲሶች ሰነድ ላይ «ፐርሊን» ተብለው ታገኟቸዋላችሁ። ቆርቆሮው የሚመታው በእነርሱ ላይ ነው። የተለመደው ልክ 5 በ7 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ርቀት 90 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። እንጨት ለመቆጠብ ተብሎ ይህ ርቀት ሲሰፋ ስስ ቆርቆሮ በመካከሉ ይሰምጣል፤ የሰመጠበት ቦታ ውሃ ያቁራል፤ ሠራተኛ በረገጠው ቁጥርም ይጨረመታል። ስለዚህ ዋጋ የሚያቀርብላችሁን ሰው «ሞራሌው በስንት ሴንቲ ሜትር ርቀት ነው የሚመታው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ሳያመነታ ከሰጣችሁ ሥራውን ያውቃል።

አሮጌው ሞራሌ መቀየር አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ቆርቆሮው ሲነሣ ይታያል። ካቻቢቴ ወስዳችሁ እንጨቱን ውጉት። ጫፉ ያለ ኃይል ጥልቅ ብሎ ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ በልቶታል፤ አዲስ ሚስማር ቢመታበትም አይይዝም። ከመጀመሪያው ስንቱ እንደሚቀየር ማንም በትክክል መናገር ስለማይችል፣ ውሉ ላይ «የተበላሸ ሞራሌ በሜትር ይህን ያህል ብር ሂሳብ ይቀየራል» የሚል አንቀጽ ማስገባት ከሁሉ የተሻለ ነው። የባሕር ዛፍ እንጨት ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት መቀባት በየሰፈሩ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ሽታውንም እሳት የመያዝ ባሕርዩንም ስለማልወደው ለእንጨት ተብሎ የተዘጋጀውን መድኃኒት እመርጣለሁ።

ትራሱ ከግድግዳው ጋር የሚታሰርበትን ቦታም አትርሱ። ነፋስ ጣሪያን የሚጎዳው ከላይ በመጫን ብቻ አይደለም፤ ከግድግዳው አልፎ ከወጣው ጫፉ፣ ከክፈፉ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ያነሣዋል። ከግድግዳው ጫፍ ቢም (ግድግዳውን ከላይ ከሚያስረው ኮንክሪት) ውስጥ የወጣ ፌሮ ትራሱን አቅፎ መጠምጠም አለበት። በብዙ አሮጌ ቤቶች ይህ ፌሮ ዝጎ ተበጥሷል፤ ጣሪያውን የያዘው ክብደቱ ብቻ ነው።

ስለ ክብደት ካነሣን፣ «ቆርቆሮ ሰለቸኝ፣ ሸክላ ላድርግበት» የሚል ሰው በመካከላችን ካለ ቆም ብሎ ያስብ። ቆርቆሮ በአንድ ካሬ ሜትር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የሸክላ ክዳን 40 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይሆናል። ለቆርቆሮ የተሠራ የባሕር ዛፍ ትራስ ይህን ጭነት እንዲሸከም መሐንዲስ ሳያየው መፍቀድ አይገባም።

ከግድግዳው አልፎ ወደ ውጭ የሚወጣው የጣሪያ ጫፍ ክፈፍ ይባላል። በክፈፉ ግንባር ላይ የሚመታው ረጅም ጣውላ «ፋሻ ቦርድ» ነው። አናጢው «ፋሻ ይቀየር» ሲላችሁ ቁስል የሚጠቅለልበትን አታስቡ፤ የእንጨቶቹን ጫፍ ከዝናብ የሚሸፍነውና አሸንዳው የሚንጠለጠልበት እርሱ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትኖሩት በጭቃ ቤት ስለሆነ በክፈፍ ላይ ጥቂት ልቆይ። በብሎኬት ቤት ክፈፍ አጭር ቢሆን ግድግዳው ይረጥባል፣ ይሻግታል፤ በጭቃ ቤት ግን ግድግዳው ይታጠባል፣ የምሰሶው ሥርም ይበሰብሳል። ቆርቆሮ ሲቀየር «በአንድ ረድፍ እንዲበቃ» እየተባለ ክፈፉ ከ60 ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ሲቆረጥ ያየሁባቸው ቤቶች ነበሩ። በዚያ ያተረፉትን በሁለት ክረምት ውስጥ ለግድግዳ ጥገና ከፈሉት። ከአጥር ጋር ተጣብቆ የተሠራ ቤት ደግሞ ክፈፉ ድንበር እንዳያልፍ፣ ውሃውም ጎረቤት ግቢ እንዳይወርድ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ቆርቆሮው እንምጣ። ለምን ታጠፈ? ዝርግ ላሜራን በሁለት እጃችሁ ብትይዙት ይንጠለጠላል፤ ሲታጠፍ ግን ራሱን ችሎ ይቆማል። ይህን ያስተዋለው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ፓልመር በ1829 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የታጠፈ ብረትን በስሙ አስመዘገበ፤ በ1837 ደግሞ ስታኒስላስ ሶሬል የተባለ ፈረንሳዊ ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ እየነከሩ ከዝገት የመጠበቅን ዘዴ አስመዘገበ። የእኛ ቆርቆሮ የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ነው፤ ጥንካሬው ከእጥፋቱ፣ ዕድሜው ከዚንኩ ይመጣል። ገዢው ግን ሁለቱንም ትቶ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ነው።

ውፍረት በ«ጌጅ» ይነገራል፤ ይህ ቃል ብዙ ሰው አሞኝቷል። የጌጅ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። በገበያችን 28 ጌጅ የሚባለው 0.4 ሚሊ ሜትር፣ 30 ጌጅ 0.3 ሚሊ ሜትር፣ 32 ጌጅ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ 35 ጌጅ ደግሞ 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። «32 ከ28 ይበልጣል» ብሎ ተደስቶ የገዛ ሰው አውቃለሁ፤ በመጀመሪያው በረዶ ጣሪያው እንደ ተቀጠቀጠ ብርት ሆነ። ጌጅ ከፋብሪካ ፋብሪካ በመጠኑ ስለሚለያይ ውላችሁ ላይ በሚሊ ሜትር አስጽፉ፤ ሲጽፉላችሁም «ቀለሙን ጨምሮ ነው ወይስ ብረቱን ብቻ?» ብላችሁ ጠይቁ። ዕቃው ሲመጣ ካሊፐር በሚባለው የውፍረት መለኪያ መለካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

«ኢጋ» የሚባለው እጥፋቱ ክብ ሳይሆን ማዕዘን ያለው፣ ባለ ትልልቅ ጎድን ቆርቆሮ ነው። ኢጋ 300፣ ኢጋ 400፣ ኢጋ 500 እየተባለ የሚጠራበት ቁጥር የቅርፁ መለያ ነው እንጂ ውፍረቱን አይናገርም፤ ስለዚህ ኢጋ 500 ስለተባላችሁ ብቻ ወፍራም ቆርቆሮ የገዛችሁ አይምሰላችሁ። የኢጋ ትልቁ ጥቅም በምትፈልጉት ርዝመት መታዘዙ ነው። ከጣሪያው አናት እስከ ክፈፉ አንድ ወጥ ሆኖ ከወረደ በመካከል የሚደራረብበት ቦታ አይኖርም፤ የማይኖር መገናኛ ደግሞ አያፈስም።

የዚንኩ መጠን በካሬ ሜትር በግራም ይለካል፤ በሰነድ ላይ «ዜድ» ከሚል ፊደል ጋር ይጻፋል። ዜድ 275 ማለት በሁለቱ ገጾች ላይ በድምሩ 275 ግራም ዚንክ በካሬ ሜትር አለው ማለት ሲሆን፣ በአንድ ገጽ ሲሰላ 20 ማይክሮን (0.02 ሚሊ ሜትር) ያህል ነው። ዜድ 100 ከዚያ ሲሶ ብዙም የማይበልጥ ነው። «ኤዜድ» የሚል ካያችሁ ሽፋኑ 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ የቀረው አብዛኛው ዚንክ የሆነ ቅይጥ ነው፤ ዝገትን በመቋቋም ይሻላል። እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ቆርቆሮዎች አንዱ ሠላሳ ዓመት ሲቆይ ሌላው በአሥር ዓመቱ ሊዝግ የሚችለው በዚህ ቁጥር ልዩነት ነው። ነጋዴው ይህን ቁጥር ካላወቀ የፋብሪካውን ወረቀት ያሳያችሁ።

የተገዛው ቆርቆሮ ግቢ ውስጥ ሳይመታ የሚቆይ ከሆነ ዝናብ አያግኘው። እርስ በርሱ ተነባብሮ ከረጠበ አየር ስለማያገኝ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ነጭ ዝገት ይባላል፤ ዚንኩ ቤቱ ላይ ሳይወጣ እያለቀ ነው ማለት ነው። ቆርቆሮ በመቀስ ይቆረጥ። በግራይንደር ሲቆረጥ የሚበተነው የጋለ ፍንጣሪ በአዲሱ ገጽ ላይ ተጣብቆ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትናንሽ የዝገት ነጠብጣቦች ያበቅላል።

ከዚህ በኋላ ያለው የንግግሬ ዋና ክፍል ነው፤ መገናኛዎቹ።

የመጀመሪያው መደራረቢያ ነው። ቆርቆሮ ከጎኑ ካለው ቆርቆሮ ጋር ቢያንስ አንድ እጥፋት ተኩል መደራረብ አለበት፤ ከላይ ወደ ታች ሲደራረብ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይገባል፤ ተዳፋቱ በቀነሰ መጠን መደራረቢያው ይረዝማል። የጎኑ መደራረቢያ ክፍት ጠርዝ ነፋሱ ዝናብን እየገፋ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒ መዞር አለበት። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ሠራተኛው ከየትኛው ጎን እንደሚጀምር ብቻ መወሰን ነው። በየሰፈሩ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ከአናጢው ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁና፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ንገሩት።

ሁለተኛው ሚስማሩ ነው። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በእጥፋቱ ጉብታ ላይ ነው፤ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ የተመታ ሚስማር በራሱ እጅ የተከፈተ ቀዳዳ ነው። ከቆቡ ሥር ያለው ጎማ ልል ብሎ ከተቀመጠ ውሃ ያስገባል፤ ከመጠን በላይ ከተደቀደቀም ተሰንጥቆ ያስገባል። ሚስማር ከጊዜ በኋላ ለምን ብቅ ብቅ እንደሚል ታውቃላችሁ? በበጋ ንጋት ላይ 10 ዲግሪ የነበረ ቆርቆሮ ቀትር ላይ 60 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ በዚህ ልዩነት 3.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ማታ ደግሞ ይሰበሰባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩን እየወዘወዘ ይነቅለዋል። ብሎን ጥርስ ስላለው ይህን መወዛወዝ በተሻለ ይቋቋማል፤ ጥቂት ብር ጨምራችሁ በብሎን ብታስመቱ አትቆጩም።

ሦስተኛው አናቱ ነው። ሁለቱ ተዳፋቶች ከላይ የሚገናኙበት መስመር «ሪጅ»፣ የሚሸፍነው የታጠፈ ላሜራ «ሪጅ ካፕ» ይባላል። በሁለቱም በኩል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ወርዶ መሸፈን አለበት። ከሥሩ የሚቀሩት የእጥፋት ክፍተቶች ለነፋስ፣ ለአቧራና ለወፍ በር ስለሚሆኑ በቅርፁ ልክ በተቆረጠ ስፖንጅ ይዘጋሉ። አራት ተዳፋት ያለው ጣሪያ ከማዕዘኖቹ ወደ አናቱ የሚወጡ ጀርባዎችም አሉት፤ እነርሱ «ሂፕ» ይባላሉ፤ ሽፋናቸው ተመሳሳይ ነው።

አራተኛውና እጅግ አስቸጋሪው «ቫሊ» ነው፤ ሁለት ተዳፋቶች ወደ ውስጥ ተገናኝተው ሸለቆ የሚሠሩበት ቦታ። የኤል ቅርፅ ያለው ቤት፣ ወይም በኋላ ክፍል የተቀጠለበት ቤት ሁሉ ቫሊ አለው። ከሁለት በኩል የመጣ ውሃ በአንድ ጠባብ መስመር ይወርዳል፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና በረዶ ሲከመርበትም ውሃው ወደ ላይ ተመልሶ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ይገባል። ቫሊ ከሰፊ ወጥ ላሜራ መሠራት አለበት፤ ከተረፈ ቁራጭ ተቀጣጥሎ አይሠራም። ሁለተኛ የምለምናችሁ ነገር፣ ቤት ስትቀጥሉ የቅጥያውን ጣሪያ ቫሊ በማይፈጥር አኳኋን እንዲወርድ ማድረግ የሚቻል ከሆነ ያንን ምረጡ፤ ጥሩ ቫሊ ከሚሠራ አናጢ ይልቅ ቫሊ የሌለው ቤት ይገኛል።

አምስተኛው «ፍላሽንግ» ነው። ጣሪያው ከፍ ካለ ግድግዳ ወይም ከፓራፔት (ከጣሪያው በላይ ከሚወጣ አጭር የግድግዳ ጫፍ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ መገናኛውን የሚሸፍን የታጠፈ ላሜራ ነው። የላይኛው ጠርዙ ግድግዳው ተሰንጥቆ ውስጥ መግባት አለበት፤ የታችኛው በቆርቆሮው ላይ ይተኛል። ብዙ ጊዜ ግን ምን ይደረጋል? ላሜራው ይቀርና በመገናኛው ላይ ሲሚንቶ ይለጠፋል። ሲሚንቶ አይንቀሳቀስም፣ ቆርቆሮው ግን ቅድም እንዳልኳችሁ በየቀኑ ይረዝማል፣ ያጥራል፤ በመጀመሪያው በጋ ይሰነጠቃል። በተጨማሪም እርጥብ ሲሚንቶ ዚንክን ይበላል። ስንጥቁን በሲሊኮን የሚደፍን ሰውም ሽታውን ያስተውል፤ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን አሲድ ስለሚያወጣ ለዚንክ አይስማማም፤ ሽታ የሌለው ዓይነት አለ።

በዚህ ክፍል አንድ ነገር ልጨምር። በሚገባ የተሠራ ጣሪያ ከተጠናቀቀ በኋላ የመጀመሪያውን ቀዳዳ የሚከፍትበት ማን ይመስላችኋል? ዲሽ ሊተክል የወጣ ልጅ ነው። ቆሞ የሚረግጠው ቦታና የሚበሳበት ቦታ ማንም አይነግረውም። ዲሽም ሆነ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ የምታስገቡ ከሆነ መሠረቱ ከሞራሌው ጋር በቆርቆሮ ሥራው ጊዜ አብሮ ይሠራ።

ወደ ውሃው መንገድ ስንመለስ፣ አሸንዳ በክፈፉ ጫፍ ውሃ የሚሰበስበው ቦይ ነው፤ ከእርሱ ወደ መሬት የሚወርደው ደግሞ «ዳውን ፓይፕ» ይባላል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ከላይ ሲታይ 103 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣሪያ ላይ በግማሽ ሰዓት 25 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 2,575 ሊትር ይወርዳል፤ ከአሥራ ሁለት በርሜል በላይ ማለት ነው። አሸንዳው በሁለት ሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት፤ ደልዳላ ሆኖ ከተሰቀለ ቅጠልና አፈር ያስቀምጥና በዚያው ይበሰብሳል።

አሁን ሂሳብ። አንድ እናት ከመጀመራችን በፊት «ቤቴ ሰማንያ ካሬ ነው፣ ስንት ቆርቆሮ ይበቃኛል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። 10 በ8 ሜትር የሆነ ቤት በዙሪያው 60 ሴንቲ ሜትር ክፈፍ ካለው ጣሪያው ከላይ ሲታይ 11.2 በ9.2 ይሆናል፤ ማለትም 103 ካሬ ሜትር። ተዳፋት ማለት በአግድም ስንሄድ ወደ ላይ የምንወጣው ልክ ነው፤ በየአንድ ሜትሩ 30 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ጣሪያ 30 በመቶ ተዳፋት አለው ይባላል፤ በእርሱ ምክንያት ስፋቱ በ1.044 ተባዝቶ 107.6 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ቆርቆሮው 2 ሜትር በ90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሙሉ ስፋቱ 1.8 ካሬ ሜትር ነው፤ ነገር ግን በጎን 10፣ በርዝመት 15 ሴንቲ ሜትር ሲደራረብ የሚሸፍነው 1.48 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ይህ «የሽፋን ስፋት» ይባላል፤ መጠየቅ ያለባችሁም ይህንኑ ነው። ሰማንያውን ለ1.8 ያካፈለ ሰው 45 ቆርቆሮ ይዞ ይመጣል፤ በትክክል ያሰላ 73 ያገኛል። በዚህ ላይ ደግሞ ጣሪያው ሁለት ተዳፋት ብቻ ቢሆን እያንዳንዱ ተዳፋት 4.8 ሜትር ርዝመት ስላለው ሦስተኛው ረድፍ 1.10 ሜትር ቁራጭ ይፈልጋል፤ ከእያንዳንዱ የሚተርፈው 90 ሴንቲ ሜትር ለዚያ ረድፍ አይበቃም፤ ስለዚህ በመጨረሻ 84 ይሆናል። በልክ የታዘዘ ኢጋ በካሬ ሜትር ቢወደድም በጠቅላላ ሂሳብ አንዳንዴ የሚረክሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ፕሮፎርማ ስትቀበሉ «የእጅ ዋጋ» ነው ወይስ «ከነዕቃው» የሚለውን መጀመሪያ ለዩ፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ተካቶ እንደሆነም ጠይቁ። ቆርቆሮ በካሬ ሜትር፣ ሪጅ ካፕ፣ ፍላሽንግ፣ ቫሊ፣ አሸንዳና ፋሻ ቦርድ ደግሞ በሜትር ርዝመት ለየብቻ ተጽፈው መታየት አለባቸው። ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ድምር ያቀረበ ሰው የቱን እንደተወ አታውቁም። አሮጌው ቆርቆሮ የማን እንደሚሆንም ይጻፍ፤ ቁራሌው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲጠራ በዚህ ጉዳይ የተጣሉ ባለቤትና አናጢ ጥቂት አይደሉም። የጥገና ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑን ሥራው ሳይጀመር ከወረዳችሁ አረጋግጡ።

የቆየ ቤት ያላችሁ፣ ክዳኑ ግራጫ፣ ወፍራምና እንደ ሲሚንቶ የሚሰበር ከሆነ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላልና አትስበሩት፣ በመጋዝም አትቁረጡት። ብናኙ በሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ ካንሰር ያመጣል። ላዩ ላይ መቆምም አደጋ አለው፤ ሳይታሰብ ተሰብሮ ሰው ይጥላል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ በውሃ እያረጠበ፣ ሳይሰብር ያውርደው።

ዝናብ ሳይኖር ጠዋት ጠዋት ኮርኒሳችሁ ላይ እርጥበት የምታዩ ደግሞ ወዲያው «ያፈሳል» ብላችሁ አትወስኑ። በቀዝቃዛ ሌሊት ከቤት ውስጥ የሚወጣው ሞቃት እንፋሎት ከቀዘቀዘው ቆርቆሮ ሥር ሲደርስ ወደ ጠል ተለውጦ ይንጠባጠባል። ለዚህ መፍትሔው አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ወይም ከቆርቆሮው ሥር የሚነጠፍ የሙቀት መከላከያ ነው፤ ቆርቆሮ መቀየር አይፈውሰውም።

ሥራው ሲያልቅ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ቀትር ላይ፣ ፀሐይ በጠነከረበት ሰዓት፣ ወደ ኮርኒሱ በላይ ውጡ፤ አምፖሉን አጥፍታችሁ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ብርሃን እንደ መርፌ የሚያበራበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ አንድ ሰው ጎማ ይዞ ጣሪያው ላይ ከክፈፉ ጀምሮ ወደ አናቱ ቀስ እያለ ውሃ ያፍስስ፤ ከላይ ወደ ታች ከተጀመረ ውሃው የት እንደገባ መለየት ያስቸግራል። ቫሊውና ፍላሽንጉ ጋ ሲደርስ ረዘም አድርጎ ይቆይ። ግቢው ውስጥ የወደቀውን ሚስማርና የቆርቆሮ ቁራጭ ልጆች ሳይረግጡት በማግኔት ማስለቀም የአናጢው ሥራ ነው። ከክፍያው የተወሰነውን፣ በውሉ ላይ አስቀድማችሁ ተስማምታችሁበት፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጥሎ እስኪያባራ ድረስ በእጃችሁ አቆዩት።